መቃኞው ይቅደም፦ ላይብረሪ ሳይዘጋ ማስፋትና ማደስ

ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ላይብረሪ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሕንፃው ሲሰፋና ሲታደስም እዚያው ነበርኩ። በሩ አንድ ሙሉ ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ይህን የምለው ሁሉ ነገር ስለተሳካልን አይደለም። ያበላሸነው ብዙ ነው፣ ያስለቀሰኝም አለ። ከሌላ ግቢ ያሉ ባልደረቦቼ «እኛም ልንጀምር ነው፣ ከየት እንጀምር?» ብለው ሲደውሉ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሥራው ሊጀመር ሰሞን አንድ አዛውንት ግንበኛ መጡ። ቢቡኝ በኩል ቤተ ክርስቲያን ሲገነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሕንፃውን ዙሪያውን አዩት፣ ውስጥም ገብተው የሚያነቡትን ልጆች አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «መቃኞው የታለ?» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። «ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ እኮ ታቦቱ ሜዳ ላይ አይቀመጥም። መቃኞ ይሠራለታል፣ እዚያ ይገባል፣ ቅዳሴው አይታጎልም። አሮጌው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። የእናንተ ልጆች የት ሊያነቡ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ዲዛይኑ ነበረን፣ በጀቱ ነበረን፣ መቃኞ ግን አልነበረንም። እቅዳችን ተማሪውን ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው እየገፉ መሥራት ነበር። ኋላ የመጣብን መከራ ሁሉ ምንጩ ይኸው ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ የሽማግሌውን ጥያቄ ውሰዱ። መጽሐፉም ተማሪውም የሚያርፍበት ቦታ ተዘጋጅቶ፣ ተሞክሮ፣ መብራቱ በርቶ ሳታዩ አንድ ብሎክ እንዳይነሳ።

መጀመሪያ ቁጠሩ

መቃኞው ምን ያህል ይስፋ? ይህን ከቢሮ ሆናችሁ አትገምቱት። ሁለት ሳምንት ቁጠሩ፤ አንዱን በተለመደው ጊዜ፣ አንዱን በፈተና ሰሞን። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይዙር፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። ሰው የተቀመጠበትን ወንበር ለብቻ፣ ደብተር ብቻ የተቀመጠበትን ለብቻ ይጻፍ። ቦታ ተይዞ ባለቤቱ ካፌ የሄደበት ወንበር ብዙ ነው። ይህን ካወቃችሁ ከምትፈሩት ባነሰ ወንበር ልትተርፉ ትችላላችሁ። የሚፈልጓችሁ ቀን ሳይሆን ማታ እንደሆነም ልትደርሱበት ትችላላችሁ። ዶርም ውስጥ ስድስትና ስምንት ሆኖ ለሚኖር ልጅ ላይብረሪው መጽሐፍ ማግኛ ብቻ አይደለም። ጸጥ ያለ ወንበርና መብራት የሚያገኝበት ብቸኛ ቦታው ነው። ስለዚህ «መጽሐፉን በሶፍት ኮፒ እንሰጣለን፣ ይበቃል» የሚል ሰው ከመጣ የሌሊቱን ቆጠራ አሳዩት።

ለንባብ የሚሆን መቃኞ ግቢ ውስጥ አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆኑ የመማሪያ ክፍሎች፣ ከእራት በኋላ የተማሪ ካፌው፣ ስብሰባ የሌለበት አዳራሽ። ክፍሎቹን ስትመርጡ ግን ከዶርም ያለውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱበት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ። መንገዱ ጨለማ ከሆነ ሴት ተማሪዎች አይመጡም፣ ትክክልም ናቸው። መብራት ሳይተከልና ጥበቃ ሳይመደብ ያንን ክፍል ቆጥራችሁ እቅድ ውስጥ አታስገቡ። ሶኬት፣ የሚሠራ ሽንት ቤት፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ እነዚህንም እዩ።

አየሩንም አስቡ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማታ በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማንበብ ጥርስ ያፋጫል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ጣና ዳር ናት፤ እዚያ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ለአቧራ ብላችሁ መስኮቱን በላስቲክ ስትሸፍኑት ክፍሉ በሚያዝያ ምድጃ ይሆናል።

ለመጽሐፍ የሚሆን መቃኞ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ልለምናችሁ። መጽሐፍ እጅግ ከባድ ነው። አንድ ሜትር ሙሉ መደርደሪያ እንደ መጽሐፉ ዓይነት 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። አሁን አገራችን የምትሠራበት የሕንፃ ኮድ ለመጽሐፍ ማከማቻ ወለል በካሬ ሜትር 7.5 ኪሎ ኒውተን ይጠይቃል፤ በኪሎ ስንመነዝረው 765 ገደማ ማለት ነው። ለመማሪያ ክፍል የሚታሰበው ግን 3 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ነው፣ ግማሹን እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባዶ ክፍል አይታችሁ «እዚህ እንደርድረው» ስትሉ ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ከተሠራበት ከእጥፍ በላይ ልትጭኑበት ነው። መጽሐፍ ምድር ቤት ይግባ። ካልሆነ መሐንዲስ አስልቶ በጽሑፍ ይስጣችሁ። «አሮጌው ላይ አንድ ፎቅ እንጨምርበት» ለሚል ሐሳብም መልሱ ይኸው ነው፤ ኮለኑ (ምሰሶው) እና መሠረቱ ሳይመረመር አይሞከርም።

ከሁሉ የሚሻለው መቃኞ አዲሱ ክፍል ራሱ ነው

ማስፋፊያ ካለ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። አዲሱን ክፍል ከአሮጌው ጎን፣ ግድግዳውን ሳትነኩ፣ ለብቻው እስከ ጣሪያው ጨርሱት። መብራቱን፣ ሽንት ቤቱን፣ በሩን ለብቻው ስጡት። ከዚያ መጽሐፉና ተማሪው ወደ አዲሱ ይሻገራል። አሮጌው ባዶ ሲሆን ይታደሳል። ሁለቱን የሚያገናኘው ግድግዳ የሚፈርሰው በመጨረሻ፣ በሴሚስተር ዕረፍት ነው። እኛ ጋ ግድግዳው መጀመሪያ ፈረሰ፣ «ለሠራተኛ መተላለፊያ» ተብሎ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቧራውም ጩኸቱም የኛ ሆነ።

ጩኸቱ ለምን እንደሚብስ ልንገራችሁ። የጃክ ሐመር ድምፅ የሚመጣው በአየር ብቻ አይደለም፣ በሶሌታውና በኮለኑ ውስጥ ይጓዛል። ሦስት ፎቅ በላይ ያለ ልጅ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። አዲሱና አሮጌው በኤክስፓንሽን ጆይንት፣ ማለትም በመካከላቸው በሚተው ክፍተት፣ ከተለያዩ ግን ይህ መንገድ ይቋረጣል። ክፍተቱ ለሌላም ይጠቅማል። አዲስ ሕንፃ ይቀመጣል፣ አሮጌው መቀመጡን ከጨረሰ ቆይቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ብታስሯቸው ግድግዳው መሰንጠቁ አይቀርም።

ጎጃም ደግሞ መረሬ አፈር ብዙ ነው። በጋ ሲሆን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ከአሮጌው መሠረት አጠገብ ስትቆፍሩ በሙሉ ርዝመቱ አትቆፍሩ። ቁራጭ ቁራጭ እያደረጋችሁ፣ እየደገፋችሁ፣ አንዱን ሞልታችሁ ሌላውን ክፈቱ። ጉድጓዱም ዝናብ ሳይመጣ ይዘጋ። ተማሪ ተቀምጦበት ያለ ሕንፃ መሆኑን ለአፍታ አትርሱ። ከመቆፈሩ በፊት ያሉትን ስንጥቆች ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉባቸው፣ በየሳምንቱ እየሄዳችሁ እዩ።

ሰኔና ሰኞ

ከዲዛይኑ በላይ የጎዳን ጊዜው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ በሰኔ ተሯሩጦ ውል ይፈረማል። ተቋራጩ ቦታውን የሚረከበው ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ በተቀደደበት ወር። እኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሰኔና ሰኞ ገጠመ።

ጣሪያው በሐምሌ ተከፈተ። «በሦስት ቀን እንመልሰዋለን፣ ሸራ እናለብሰዋለን» ተባለ። ሁለተኛው ቀን ማታ ከጮቄ በኩል የመጣ ዝናብ ሸራውን ገልብጦ ጣለው። የጥበቃ ሠራተኛው ሲደውልልኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። ደርሼ ሳየው ውሃው በመደርደሪያው ላይ እንደ ፏፏቴ ይወርድ ነበር። የታሪክና የጂኦግራፊ ክፍሉ ነው። ከመጽሐፎቹ አንዳንዶቹ ዳግም የማይታተሙ፣ መምህራን በጡረታ ሲወጡ የለገሱን ናቸው። ተማሪዎች ከዶርም ተነስተው መጡ፣ በሌሊት ልብስና በነጠላ ጫማ፣ እስኪነጋ አብረውን አወጡ። ያንን ሌሊት መቼም አልረሳውም።

ስለዚህ ቀኑን እንዲህ ያዙት። ጥናቱና ዲዛይኑ በበጋ ይለቅ። ጨረታው በጀት ሲከፈት በሐምሌ ይውጣ፣ ውሉ በመስከረም ይፈረም፣ ቁፋሮው በጥቅምት መሬቱ ሲጠነክር ይጀመር። ጣሪያ የሚከፈተው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብቻ ይሁን፣ ያውም በቁራጭ፣ በአንድ ቀን ተከፍቶ በዚያው ቀን በሚዘጋ ስፋት። ክረምት ለቀለም፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለሴራሚክ፣ ለውስጥ ሥራ ነው።

የሰው ኃይሉንም ቀድማችሁ አስቡ። የቀን ሠራተኛው ገበሬ ነው ወይም የገበሬ ልጅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ስለሆነ ጠዋት 40 ሰው የጠበቀ ፎርማን 15 ሊያገኝ ይችላል። በሁዳዴ እየጾመ ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው ከቀትር በኋላ ይደክማል። ማርያምንና ሚካኤልን የመሳሰሉ የበዓል ቀኖችም አሉ። ይህን እንደ ችግር ከማየት በእቅዱ ውስጥ አስገቡት። ሥራ የማይኖርባቸውን ቀኖች ቀድማችሁ ለተማሪው ንገሩት፣ በጸጥታ የሚያነብባቸው ቀኖች ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፌሮና ሴራሚክ ደግሞ ዓባይ በረሃን መውረድና መውጣት አለበት፤ ዛሬ አዝዛችሁ ነገ አትጠብቁ።

«ክረምት ግቢው ባዶ ነው፣ ያኔ እንደልብ እንሠራለን» የሚለውን አትመኑ። የክረምት ተማሪዎች አሉ፣ አብዛኞቹ አስተማሪዎች ናቸው። በሁለት ወር ውስጥ የሴሚስተር ንባብ የሚጨርሱ፣ ከላይብረሪ የማይጠፉ ሰዎች። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይሰጣል፤ በዚያ ሰሞን ጥበቃው ስለሚጠብቅ ሠራተኛም አሸዋ የጫነ መኪናም እንደልብ አይገባም። በዚያው ዓመት የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ። ተመራቂው ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የተማረውን ሁሉ የሚከልስበት ጊዜ ስለሆነ ላይብረሪው ጢም ይላል። ሬጅስትራር የዓመቱን ካላንደር ሲያወጣ አንድ ቅጂ ይዛችሁ ከተቋራጩ ጋር ተቀመጡ።

ሁሉም ነገር ጨረታው ውስጥ ይግባ

ይህን ቦታ በደንብ አንብቡት፣ ላይብረሪያኖች ብዙ ጊዜ የምንሸወድበት ነው። ውል ከተፈረመ በኋላ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ አትደብድቡ» ብትሉ ተቋራጩ ትክክለኛ ጥያቄ ያነሳል፦ ተጨማሪ ጊዜ፣ ተጨማሪ ገንዘብ። ዋጋውን ያስገባው ቀኑን ሙሉ እሠራለሁ ብሎ ነውና። ቅድመ ሁኔታው ሁሉ በጨረታው ሰነድ ላይ ከነበረ ግን ከመጀመሪያው አስልቶበት ይመጣል። ስለዚህ ሰነዱ ሲዘጋጅ ላይብረሪያኑ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። ካልተጠራችሁ ራሳችሁ ሂዱ።

ምን ይጻፍ? ከባድ ጩኸት የሚፈቀድበት ሰዓት። እኔ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም በምሳ ሰዓት ከ6 እስከ 8 እላለሁ። በአጋማሽና በማጠቃለያ ፈተና ሳምንታት ጃክ ሐመርና መቁረጫ ማሽን ፈጽሞ አይነሳም። ፌሮ የሚታጠፈውና የሚቆረጠው፣ ሴራሚክ የሚከረከመው ከሕንፃው ራቅ ብሎ ነው። የሠራተኛ መግቢያ ከተማሪ መግቢያ የተለየ ነው። መብራት፣ ውሃ ወይም ኔትወርክ የሚቋረጥ ከሆነ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገራል። ኤክስካቫተር ፋይበሩን በጥሶብን ዲጂታል ላይብረሪው ከነተማሪው ጨልሟል፤ ገመዱ የት እንደሚያልፍ የሚያውቀው አንድ ቴክኒሺያን ነበር፣ እሱንም ማንም አልጠየቀውም። የገመዱን መስመር መሬት ላይ በኖራ አስምሩት።

ሌላው ትልቁ ነገር ጊዜያዊ ሥራዎች ናቸው። የአቧራ መከለያ፣ ጊዜያዊ መብራት፣ ጊዜያዊ ራምፕ፣ የዝናብ ሸራ። እነዚህ በሥራ ዝርዝሩ ላይ የራሳቸው መስመርና የራሳቸው ክፍያ ካልተሰጣቸው አይሠሩም። «ተቋራጩ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ያደርጋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጽፋ ታልፋለች፣ ከዚያ ማንም አይጠየቅም። መከለያ በካሬ ሜትር፣ ሸራ በካሬ ሜትር፣ መብራት በቁጥር ተብሎ ይጻፍ።

አቧራ

መከለያው ከወለል እስከ ሶሌታ ይድረስ። ኮርኒሱ ላይ ካቆማችሁት አቧራው ከኮርኒሱ በላይ ተሻግሮ ማዶ ይወርዳል። ቺፕውድ ወይም ጂፕሰም አቁማችሁ፣ መጋጠሚያውን በፕላስተር አሽጉት፣ ከኋላው ወፍራም ላስቲክ ወጥሩ። በሩ ሁለት ይሁን፣ በመካከሉ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ያለው። ሠራተኛው አንዱን ዘግቶ ሌላውን ይክፈት። ከሥራው ጎን ባለው መስኮት ላይ ወደ ውጭ የሚነፍስ ቬንቲሌተር ካስገባችሁ አየሩ ከንባብ ክፍሉ ወደ ሥራው ይሳባል እንጂ አቧራው ወደ እናንተ አይመጣም። ቀላል ነገር ነው፣ ለውጡን ግን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ደረቅ መጥረጊያ ይከልከል። ውሃ ረጭቶ መጥረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል። የሚቆዩ መደርደሪያዎች በላስቲክ ይሸፈኑ፣ ግን በክረምት አትጠቅልሏቸው፣ እርጥበት ይታፈንና ይሻግታል። ሕንፃው የቆየ ከሆነ ጣሪያው ወይም ቱቦው አዝቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) መሆኑን አስመርምሩ። ከሆነ ደርቆ አይሰበርም፣ አይቆረጥም፣ የሚያነሳውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ተማሪም በአጠገቡ አይለፍ።

መጽሐፍ ማንቀሳቀስ

ይህን ሥራ ለቀን ሠራተኛ ብቻ አትስጡት። ጉልበቱ አለው፣ የኮል ነምበሩን (መጽሐፉ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የቦታ ቁጥር) ቅደም ተከተል ግን አያውቅም፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። በአንድ ቀን የተደባለቀ መጽሐፍ መልሶ ለማስተካከል ወራት ይፈጃል።

መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ እያንዳንዱ ዘርፍ ስንት ሜትር መደርደሪያ እንደያዘ ለኩ። አዲሱን ቦታ ከዚያ በወረቀት ላይ ሙሉት፦ ይህ መደርደሪያ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ይይዛል። ከሦስት አራተኛ በላይ አትሙሉት፣ ነገ ለሚገዛው መጽሐፍ ቦታ ይቀመጥለት። ካርቶን ከሱቅ ለምኑ፣ ግን የብስኩትና የዘይት ካርቶን አይሁን፣ አይጥ ይጠራል። አንድ ካርቶን ከ15 ኪሎ አይብለጥ። በካርቶኑ ላይ ተከታታይ ቁጥር፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ መጽሐፍ ኮል ነምበር፣ የሚሄድበት መደርደሪያ ቁጥር ይጻፍ። በክዳኑ ላይ ሳይሆን በጎኑ፣ ሲደረደር እንዲታይ።

ሁለት ፊት ያለው መደርደሪያ ሲራገፍ ከላይ ወደ ታች፣ ከሁለቱም ወገን እኩል እኩል ይራገፍ። አንዱን ፊት ባዶ አድርጋችሁ ሌላውን ከተዋችሁት ሊገለበጥ ይችላል። ሲሞላ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነው። ካርቶን ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይግባ። ምስጥ አለ፣ የጎርፍ ውሃም አለ። በየገዳማቱ ብራናው በማኅደር ገብቶ ከግድግዳ ተሰቅሎ ለዘመናት የቆየው እኮ ከመሬት ስለራቀ ነው።

ሁሉም መጽሐፍ አይራቅ። ብዙ የሚጠየቁትን፣ ሪዘርቭ ላይ ያሉትን (እዚያው ብቻ የሚነበቡትን)፣ በዚያ ሴሚስተር መምህራን ያዘዟቸውን ለዩና ንባቡ ወዳለበት ውሰዱ። የቀረው ማከማቻ ይግባና በወረቀት እየተጠየቀ ይውጣ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት። «ረፋድ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ይመጣል» ካላችሁ ይምጣ። ሁለት ቀን ከቀራችሁ ተማሪው ሦስተኛው ቀን አይጠይቅም። ኮሃ ላይ (የላይብረሪው የኮምፒውተር ካታሎግ ነው) የመጽሐፉን ቦታ ቀይሩት፣ ያውም በተንቀሳቀሰበት ቀን። ልጁ ኮምፒውተሩ «መደርደሪያ ላይ አለ» ሲለው ሄዶ ባዶ ግድግዳ ካየ በናንተ ላይ ያለው እምነት ያኔ ያልቃል። በሶፍት ኮፒ ያሉትን በግቢው ሰርቨር ላይ አስቀምጡ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይከፈታሉ።

መጽሐፍ ቢረጥብስ? እኛ ያን ሌሊት ሳናውቅ ትክክል የሠራነውና ሳናውቅ ያበላሸነው አለ። ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ይጀምራል፣ ስለዚህ ያ 48 ሰዓት ወርቅ ነው። በጣም የራሰውን በኃይል አትክፈቱት፣ አትጭመቁት። ሽፋኑን ጥቂት ከፍታችሁ አቁሙትና ነፋስ እንዲያገኘው አድርጉ፣ በገጾቹ መሃል ንጹሕ ወረቀት እያስገባችሁ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ጋዜጣ ቀለሙ ይለቃል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ወረቀቱ ይኮማተራል፤ እኛ አስጥተን ብዙ አበላሽተናል። ልስልስ ብለው የሚያብረቀርቁ ገጾች ያሏቸው ከደረቁ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ እነሱን አስቀድሙ። ማድረስ ካልቻላችሁ በፌስታል ለይታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቧቸው፣ ጊዜ ይገዛላችኋል። የካፌውን ፍሪዘር ለመጠየቅ አትፈሩ። የማከማቻውን እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያም ግዙ፤ ከ65 በመቶ በላይ ለቀናት ከቆየ አየር አስገቡ፣ ቬንቲሌተር አስነሱ።

ዐይነ ስውራን ተማሪዎች

ይህን ማንም አላነሳልንም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ሁልጊዜ በምትሄድበት መንገድ መጥታ ከአጣና ክምር ጋር ተጋጨች። መንገዱን በእርምጃ ቆጥራ ነው የምታውቀው። እኛ ማታ መግቢያውን ቀይረን በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈናል። ለማን ነው የለጠፍነው?

ከዚያ በኋላ መንገድ ከመቀየሩ ሁለት ቀን በፊት በአካል እየሄድን መናገር ጀመርን። አዲሱን መንገድ አብረናቸው ሁለት ሦስት ጊዜ እንሄድበታለን። በግራ በኩል በወገብ ከፍታ ገመድ ወጠርን። ክምር በመንገድ ላይ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ተከለከለ። ሌላም አለ፦ እነሱ የሚያነቡት በጆሮ ነው፣ ጓደኛ እያነበበላቸው ወይም በድምፅ ቅጂ። ለሌላው የሚረብሸው ጩኸት ለነሱ ንባቡን ጨርሶ ያቆመዋል። ስለዚህ ከሥራው በጣም የራቀው ጸጥ ያለ ክፍል ለነሱ ይሰጥ፣ ከሁሉ በፊት። በዊልቸር ለሚሄዱትም እንዲሁ፤ ጊዜያዊ መግቢያ ሲሠራ ራምፑ አብሮ ይሠራ እንጂ «ሲያልቅ እናደርጋለን» አይባል። በ2001 ከወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ ሕጉ የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ እንዲሆን ያዛል፤ የምትለምኑት ውለታ አይደለም።

እሳት

ብየዳ ባለበት 11 ሜትር ዙሪያ ወረቀት፣ ላስቲክ፣ ቺፕውድ አይኑር። ማንሳት ካልተቻለ በማይነድ ነገር ይሸፈን። ፍንጣሪው ወለሉ ላይ ባለ ቀዳዳ ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል፣ ከሥርም ሰው ይቁም። ብየዳው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው የእሳት ማጥፊያ ይዞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቅ፣ እሳት ተዳፍኖ ቆይቶ ነውና የሚነሳው። ማታ ብየዳ አይሠራ። በሥራው ምክንያት የሚዘጋ መውጫ ካለ ሌላ መውጫ ሳይከፈት አይዘጋ፤ «ስርቆትን ለመከላከል» ተብሎ የሚቆለፍ በርም እንዲሁ፣ ውስጥ ተማሪ እያለ አይቆለፍ።

ከተማሪው ጋር

በየሰኞ ጠዋት አንድ ወረቀት አውጡ። በዚህ ሳምንት የት ይሠራል፣ መቼ ይጮሃል፣ የት ይነበባል። በር ላይ፣ ካፌ ውስጥና በተማሪዎቹ ቴሌግራም ላይ ይውጣ። በየዶርሙ ብሎክ ተወካይ ያዙ። ስህተት ስትሠሩ በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት፤ «ትናንት ያልተነገረ ጩኸት ነበር፣ ይቅርታ፣ ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ የሚጽፍ ላይብረሪ ተማሪው ይታገሠዋል። ከፎርማኑ ጋርም በየጠዋቱ ሻይ ጠጡ። ብዙ ችግር በደብዳቤ ከሚፈታው ይልቅ «ጋሼ፣ ዛሬ ልጆቹ ፈተና አለባቸው፣ ያችን ነገር ለነገ ብንላትስ?» በማለት ይፈታል።

ርክክብ

ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ኮሚቴ ይመጣል፣ ቀለሙን ያያል፣ ይፈርማል። እናንተ ግን ከዚያ በፊት በእያንዳንዱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማታ። መብራቱ ገጹ ላይ ጥላ ይጥላል? ሶኬቱ ይሠራል? በሩ ሲዘጋ ይጮሃል? ሽንት ቤቱን ስምንት ሰው ተከታትሎ ቢጠቀምበት ውሃው ይደርሳል? ሁሉንም ጻፉ፣ በዝርዝር፣ በክፍል ቁጥር። የመጨረሻው ክፍያ ሳይለቀቅ ይስተካከል።

የዋስትናው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ክረምት ማለፉን አረጋግጡ፣ በተለይ ጣሪያው ላይ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ባትሪ ይዛችሁ ውጡ። አዲሱና አሮጌው በሚገናኙበት መስመር ሥር ቁሙ። አሸንዳው ተርፎ ይፈስ እንደሆነ፣ የኮርኒሱ ማዕዘን ቢጫ እየሆነ እንደሆነ እዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ በነጋታው በደብዳቤ አስገቡ። መቃኞ የሆኑትን ክፍሎች ቁልፍም ያ ክረምት እስኪያልፍ ድረስ አትመልሱ።